«ሳሕኑን ዳክዬ ይለዋል»፦ የፖርቱጋልኛ ድምፆች በልጅ አፍ እንዴት እንደሚበስሉ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉ በአጭሩ ልድገመው። ሊዝበን ይኖራሉ፤ ባለቤትዎ ፖርቱጋላዊ ናቸው፤ ልጅዎ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ከእርስዎ ጋር አማርኛ፣ ከአባቱና ከመዋዕለ ሕፃናት ባልንጀሮቹ ጋር ፖርቱጋልኛ ይናገራል። ያስጨነቀዎት የ«ረ» ድምፅ ነው። ሳሕን ለማለት «ፕራቱ» ሊል ሲገባው «ፓቱ» ይላል፤ ፓቱ በፖርቱጋልኛ ዳክዬ ነውና አባቱ ይስቃሉ፣ እርስዎ ግን አልሳቁም። በርን «ፖርታ» በማለት ፋንታ «ፖታ»፣ ሦስትን «ትሬሽ» በማለት ፋንታ «ቴሽ» ይላል። በጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ቫካ» የምትባለውን ላም «ፋካ» እንደሚላትና ባለፈው የብርድ ወራት ሁለት ጊዜ ጆሮውን እንደታመመ ጠቅሰዋል። አዲስ አበባ ያሉት እናትዎ እንጥሉን ቢቆረጥ ይሻላል ብለዋል፤ አንዲት ጎረቤትዎ ደግሞ አማርኛውን እንዲተዉት መክረዋል።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ ልጁ የታመመበት ወላጅ መልሱን እስከ መጨረሻው መስመር መጠበቅ የለበትም። እርስዎን ያስጨነቀዎት «ረ» ለልጅዎ ዕድሜ የሚያሰጋ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት የላሟ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ከባድ ችግር ነው ማለቴ አይደለም፤ መታየት ያለበት ግን እሱ ነው። ይህን ለምን እንደምል እንዲገባዎ የ«ረ»ን ጉዳይ አስቀድሜ ልፍታው።

በፖርቱጋልኛ «ረ» አንድ ድምፅ አይደለም። ለስላሳውና ጠንካራው የሚባሉ ሁለት ድምፆች አሉ። ለስላሳው የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያለውን ድድ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጎ ሲመለስ የሚወጣ ሲሆን፣ በ«ዶሮ»ና በ«ጆሮ» ውስጥ ካለው የእኛው «ረ» ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጠንካራው ግን ከምላስ ጫፍ ጋር ብዙ ግንኙነት የለውም፤ ሊዝበን ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚያወጣው የምላሱን የኋላ ክፍል ወደ እንጥሉ አስጠግቶ ነው። በብራዚል ደግሞ በብዙ ቦታ ወደ «ሀ» የተጠጋ ድምፅ ሆኗል፤ እኛ ሪዮ የምንላትን ከተማ ነዋሪዎቿ «ሂዩ» ይሏታል። ሁለቱ የቃል ፍቺ የሚለዩት በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገኙ ብቻ ነው፦ «ካሩ» በለስላሳው ሲነገር ውድ፣ በጠንካራው ሲነገር መኪና ማለት ነው፤ «ሙሩ» በለስላሳው ግንብ፣ በጠንካራው ቡጢ ነው። በቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ ጠንካራው ነው። እኛ «ራስ» ወይም «ሩዝ» ስንል እንደምናደርገው በለስላሳው «ረ» ቃል መጀመር በፖርቱጋልኛ የለም፤ ስለዚህ ፖርቱጋልኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ለስላሳውን «ረ» ጎልቶ በሚሰማበት በቃል መነሻ ላይ ፈጽሞ አያገኘውም፣ ሁልጊዜ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ተሸሽጎ ነው የሚደርሰው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለስላሳው «ረ» ራሱ እንደ ቦታው ይለያያል። የሰዋስው ሊቃውንት ቀለም የሚሉትን፣ ማለትም ቃል ሲነገር የሚከፋፈልባቸውን ትናንሽ የድምፅ ቁራጮች፣ ልብ ይበሉ። በ«ካራ»፣ ፊት በሚለው ቃል፣ «ረ» ሁለተኛውን ቀለም ብቻውን ይጀምራል። በ«ፖርታ» የመጀመሪያውን ቀለም ይዘጋል። በ«ፕራቱ» ደግሞ ከሌላ ተናባቢ ጀርባ ተደርቦ ይገባል። ለአዋቂ ጆሮ ሦስቱም ያው «ረ» ናቸው፤ ለሕፃን ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሚበስሉትም በየራሳቸው ጊዜ ነው። በሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ማሪያ ዡዋው ፍሬይታሽ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረበችው የዶክትሬት ሥራ የፖርቱጋል ሕፃናት የሚማሩት ድምፅን ብቻ ሳይሆን የቀለምን አሠራርም ጭምር እንደሆነ አሳይታለች። ቀለሙን በሚዘጋው ቦታ ላይ አስቀድሞ የሚመጣላቸው የ«ሸ» ዓይነቱ ሹልክልክ ድምፅ ነው፤ «ረ» እና «ለ» ከኋላ ይከተላሉ። ልጅዎም «ቴሽ» ሲል መጨረሻውን «ሽ» በትክክል አስቀምጦ «ረ»ን ብቻ መጣሉ ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ዕድሜውን በተመለከተ በዝርዝር የተጠናው የብራዚል ፖርቱጋልኛ ነው፤ በፖርቶ አሌግሬ የነበረችው ረዢና ላምፕሬሽትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሥራ ዛሬም የብራዚል ባለሙያዎች የሚመለሱበት ነው። እንደ እነርሱ አቀማመጥ «ፕ፣ ብ፣ ት፣ ድ፣ ም፣ ን» አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ይረጋሉ፤ «ክ»ና «ግ» ከዚያ ጥቂት ቆይተው ይከተላሉ። «ቭ»ና «ፍ» ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ «ዝ» በሁለት ዓመት፣ «ስ»ና «ዥ» በሁለት ዓመት ተኩል፣ «ሽ» ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመጣሉ። «ል» በሦስት ዓመት ግድም፣ ጠንካራው «ረ» በሦስት ዓመት ከአራት ወር ግድም ይበስላል። በ«ኦልዩ»፣ ዓይን በሚለው ቃል፣ የምንሰማው የምላስ አካል ከትናጋ ጋር ተጣብቆ የሚወጣው «ልይ» አራት ዓመት ይፈልጋል። ለስላሳው «ረ» በአናባቢዎች መካከል አራት ዓመት ከሁለት ወር፣ ተደርቦ ሲመጣ ደግሞ አምስት ዓመት ገደማ ነው። እነዚህ ዕድሜዎች አብዛኞቹ ልጆች ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ አስተካክለው የሚያወጡባቸው ናቸው፤ ልክ በዚያ ወር ካልመጣ ልጁ ታሟል የሚያሰኙ የጊዜ ገደቦች አይደሉም። በፖርቱጋል በተሠሩት ጥናቶች ወራቱ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ፈሳሽ የሚባሉት «ረ» እና «ለ»፣ በተለይም ተደራራቢዎቹ፣ መጨረሻ ላይ መምጣታቸው ግን አይለወጥም።

ተደራራቢው ለምን ይዘገያል? ሕፃን «ፕራቱ»ን ሲሰማ «ፕ»ን እንደ ምሰሶ ይይዛታል፣ «ር»ን እንደ ጭነት ይጥላታል፤ ሁለተኛዋን ጥሎ የመጀመሪያዋን ያስቀራል እንጂ «ራቱ» አይልም። «ፍሎር»፣ አበባ፣ «ፎ» ወይም «ፎር» ይሆናል። ሌሎች ልጆች ደግሞ ጭነቱን ላለመጣል በመካከል ትንሽ አናባቢ ያስገባሉ፤ ይህች አናባቢ የእኛው የሳድስ ድምፅ ናት። የፖርቱጋሉ ፖርቱጋልኛ፣ ከብራዚሉ በተለየ፣ ልክ እንደ አማርኛ ሳድስ ያለ አጭር አናባቢ አለው፤ በፍጥነት ሲነገርም ይጠፋል። «ሻቭ»፣ ቁልፍ፣ ሲባል መጨረሻው ላይ ያለችው እሷ ናት። የሊዝበን ልጅ «ፕራቱ»ን በሳድስ ከፍሎ «ፕ» ላይ ጥቂት ቆም ሲል፣ እኛ «ክረምት» ወይም «ብረት» ስንል አንዳንዴ ሳድሱን ሰምተን አንዳንዴ ውጠን የምንናገረውን ያህል ነው። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እርስዎ ራስዎ ፖርቱጋልኛ ሲናገሩ «ፕራቱ»ን በሳድስ ከፍለው እየተናገሩ ይሆናል፤ ልጅዎም እንዲሁ ቢል ከእናቱ የወረሰው አነጋገር ሊሆን ይችላልና ስሕተት ተብሎ መቆጠር የለበትም።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ቃላት እንመለስ። «ፓቱ»ና «ቴሽ» ተደራራቢ ናቸው፤ አራት ዓመት ከሦስት ወር ለሆነው ልጅ የሚጠበቁ ናቸው፣ ገና ብዙ ወራት አሉት። «ፖታ» ቀለሙን የሚዘጋው «ረ» ነው፤ ይህ ከተደራራቢው ቀድሞ፣ ወደ አራት ዓመት ሲጠጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ዘግይቷል ማለት ይቻላል እንጂ ከመንገዱ ወጥቷል አይባልም። ያልነገሩኝና እኔ በጣም ማወቅ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው፦ «ካራ» ሲል ምን ይላል? ከዚያም በላይ፣ «ዶሮ» ሲል ምን ይላል? «ዶሮ» እና «ጆሮ» በትክክል ከወጡለት ምላሱ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው፣ የጎደለው የፖርቱጋልኛው ቀለም አቀማመጥ ብቻ ነው፣ ያም በራሱ ጊዜ ይመጣል። «ዶሎ» ወይም «ዶዮ» ካለ በሁለቱም ቋንቋ ለስላሳው «ረ» ገና አልበሰለለትም ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን በዚህ ዕድሜ የብዙ ልጆች ጉዳይ ነው። በብራዚል «ረ»ን ሁሉ «ለ» እያደረገ የሚናገር፣ ትልቅ ትንሹ የሚያውቀው የሥዕል ታሪክ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ሕዝቡ የሚስቅበት ይህን ደረጃ በየቤቱ ስላየው ነው።

አሁን ወደ ላሟ ልምጣ። «ቫካ» ላም ናት፣ «ፋካ» ቢላ ነው። «ቭ»ና «ፍ» በአፍ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ፣ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ነክቶ፣ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ልዩነታቸው በጉሮሮ ነው። «ቭ» ሲወጣ የድምፅ አውታሮቹ ይነዝራሉ፣ «ፍ» ሲወጣ አይነዝሩም፤ እጅን ማንቁርት ላይ አድርጎ መፈተሽ ይቻላል። ከላይ እንደጠቀስኩት «ቭ» ከቀደምቶቹ አንዷ ናት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትመጣለች። አራት ዓመት ያለፈው ልጅ ነዛሪውን ወደማይነዝረው ሲለውጥ፣ «ረ»ን እንደ መጣል በዕድሜው ብቻ የሚገለጽ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንዱ አሳብ ወዲያው ይመጣል፦ አማርኛ «ቭ» የለውም፣ ያለችውም «ቪዛ»ና «ቴሌቪዥን» በመሳሰሉ የውጭ ቃላት ነው፣ ስለዚህ ልጁ ከእናቱ ወርሶት ይሆን? አይመስለኝም። አማርኛ ተናጋሪ «ቭ»ን ሲያጣ የሚተካው በ«ብ» ነው። ልጅዎ ላሟን «ባካ» ቢላት ኖሮ የእናቱ ቋንቋ አሻራ ነው ብዬ በፈገግታ ባለፍኩት ነበር። «ፋካ» ማለቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አማርኛ አላስተማረውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እቤትዎ ውስጥ፣ ፈተና መሆኑን ሳይነግሩት፣ ሌሎቹን ነዛሪ ድምፆች ያዳምጡ። መስኮትን «ዣኔላ» ይላል ወይስ «ሻኔላ»? አይብን «ኬይዡ» ይላል ወይስ አገጭ ማለት የሆነውን «ኬይሹ»? ቤትን «ካዛ» ወይስ «ካሳ»? ድመቷን «ጋቱ» ወይስ «ካቱ»? ከዚያ ወደ አማርኛው ይሻገሩ፦ «ዝናብ»ን «ስናብ»፣ «ጓደኛ»ን «ኳደኛ»፣ «ዳቦ»ን «ታቦ» ይላል? ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ችግሩ በ«ቭ» ብቻ ተወስኖ በሌሎቹ ላይ ካልታየ ትንሽ ነገር ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ጨዋታ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። በፖርቱጋልኛውም በአማርኛውም ነዛሪዎቹ በሙሉ የሚከስሙ ከሆነ ግን ልጁ መነዘርን ራሱን አልያዘውም ማለት ነውና የባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ለመርማሪው የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም ይኸው ነው፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ የቋንቋው ነው፣ በሁለቱም የሚታየው የልጁ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይታይ። ሁለት ጊዜ ጆሮውን የታመመ ልጅ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊቀርበት ይችላል፤ ፈሳሹ አያምም፣ አያተኩስም፣ ልጁም አይናገረውም። የሚሰማው ግን ውኃ ውስጥ ጠልቆ እንደሚሰማ ሰው ታፍኖ ነው፤ እንዲህ የሚሰማ ልጅ «ቫካ»ንና «ፋካ»ን የሚለየውን ጥቃቅን ነገር አልያዘም ብሎ መውቀስ አይቻልም። ሲወለድ የተደረገለት የመስማት ምርመራ ደኅና ነበር የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም፤ የዚያን ቀን ጆሮው ደኅና ነበር ማለት ብቻ ነውና። አሁን የሚያስፈልገው አዲስ የመስማት ምርመራ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የታምቡሩ እንቅስቃሴ በአየር ግፊት ይለካለታል፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ የማያምም ነገር ነው። ስለ አነጋገሩ ብቻ ለወራት ሲመከርበት ቆይቶ ጆሮው መጨረሻ ላይ የታየ ልጅ ደጋግሞ ገጥሞኛል፤ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

ስለ ጎረቤትዎ ምክር አጭር መልስ አለኝ፦ አማርኛውን አይተዉት። ሁለት ቋንቋ የድምፅ አወጣጥ ችግርን አያመጣም፤ ችግር ያለበትም ልጅ አንዱን ቋንቋ ቢነጠቅ ችግሩ አይለቀውም፣ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበትን አፍ ያጣል እንጂ። ሻረን ማክሊዎድና ካትሪን ክሮ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ሃያ ሰባት ቋንቋዎችን የሚሸፍን የተናባቢ ዕድገት ጥናት ሰብስበው አውጥተዋል፤ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ያሉ ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹን ተናባቢዎች ያወጣሉ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ፖርቱጋልኛ ከእነዚያ መካከል አለ፤ አማርኛ የለም። ይህ ለእርስዎ ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ ሊዝበን ያለችው ባለሙያ የምትይዘው ሰንጠረዥ «ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ» የሚባሉትን ፈንጂ ድምፆች አያውቃቸውም። ልጅዎ «ጠረጴዛ» ሲል ከአፉ የሚወጣው «ጠ» ለእሷ «ት» ሆኖ ሊሰማት ይችላል፤ ስለዚህ በአማርኛው በኩል ጆሮዋ እርስዎ ነዎት።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ብራዚሉ አነጋገር አንድ ቃል። ልጅዎ አክስትን «ቲያ» በማለት ፋንታ «ቺያ»፣ ቀንን «ዲያ» በማለት ፋንታ «ጂያ» ቢል እንደ ችግር እንዳይቆጥሩት። ብራዚል በብዙ ቦታ «ት»ና «ድ» ከ«ኢ» በፊት እንዲህ ይለሰልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፖርቱጋል ጋዜጦች የአገራቸው ሕፃናት ከዩቲዩብ ብዛት «ብራዚልኛ» መናገር ጀመሩ ብለው ሲወያዩበት ነበር፤ ሣርን «ሬልቫ» ማለት ትተው «ግራማ» አሉ እየተባለ። በብራዚል ገጠር ደግሞ አዋቂዎችም ዓይንን «ኦዩ»፣ ተክልን «ፕላንታ» በማለት ፋንታ «ፕራንታ» ይላሉ፤ የአካባቢ አነጋገር ነው እንጂ የሚታከም ነገር አይደለም። ልጁ የሚመዘነው ዘወትር በሚሰማው አነጋገር ነው።

የእናትዎ ምክር ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ በአገራችን እንጥል ማስቆረጥ ረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የታወቀ ነው፤ ደም ሊያፈስ፣ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ለአነጋገርም አንዳች ጥቅም አይሰጥም። ይልቁንም እንጥል ስንናገር አየር በአፍንጫ እንዳይሾልክ ከሚዘጋው የላንቃ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው፤ አየሩ በአፍንጫም በአፍም እየወጣ የሚነገሩ አምስት አናባቢዎች ባሉት፣ «ፓው» የሚለው ቃል በአፍ ብቻ ሲወጣ እንጨት፣ በአፍንጫም ሲያልፍ ዳቦ በሚሆንበት ቋንቋ ውስጥ ይህ ቦታ ሥራ አለው። የሊዝበኑ ጠንካራ «ረ»ም እዚያው እንጥሉ አጠገብ እንደሚወጣ ከላይ ብያለሁ። እናትዎን በአክብሮት፣ ግን ሳያመነቱ፣ እምቢ ይበሏቸው። ከምላስ ሥር ያለው ቀጭን ሥጋ ይቆረጥ የሚል ምክርም ከመጣ፣ ልጁ ምላሱን አውጥቶ የላይኛውን ከንፈሩን መላስ ከቻለ «ረ»ን የከለከለው ያ አይደለም ማለት ይቻላል። ብራዚል ይህን ሥጋ በእያንዳንዱ አዲስ ሕፃን ላይ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ2014 በሕግ ግዴታ አድርጋለች፤ ሕጉ የወጣው ምርመራ እንዲደረግ ነው፣ «ረ» ያልመጣለት ልጅ ሁሉ ይቆረጥ አላለም።

የልጁ ንግግር በኑሮው ላይ ምን ያህል እንዳስቸገረው ለማወቅ በዓለም ዙሪያ የምንጠቀምበት ሰባት ጥያቄዎች ያሉት ቀላል መመዘኛ አለ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ እርስዎ ይረዱታል? የቤት ሰዎች ይረዱታል? ዘመዶች፣ ጓደኞቹ፣ የሚያውቁት ሌሎች ሰዎች፣ መምህራኑ፣ የማያውቁት ሰዎች ይረዱታል? ለእያንዳንዱ «ሁልጊዜ» ከሚለው እስከ «በጭራሽ» ድረስ ከአምስት አንዱን ይመርጣሉ። አራት ዓመት ያለፈውን ልጅ የማያውቀው ሰውም፣ ጥቂት ድምፆች ቢሳሳቱ እንኳ፣ ንግግሩን ሊረዳው ይገባል። መምህርቷ «አብዛኛውን እረዳዋለሁ» ካለች ደስ ይላል፤ የዳቦ መሸጫዋ ሴትዮ ግን እርስዎን እያየች አስተርጓሚ ከጠበቀች ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ።

የት ይሂዱ ለሚለው፦ መጀመሪያ በጤና ጣቢያው የቤተሰብ ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡና የመስማት ምርመራና ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ መላኪያ ይጠይቁ። በፖርቱጋል ባለሙያው «ቴራፔውታ ዳ ፋላ» ይባላል፤ ብራዚል ውስጥ ግን «ፎኖአውዲዮሎጎ» ነው፣ ሙያው እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ሁለቱ ስሞች እንዳያደናግሩዎት። ከዚህ ሌላ ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ድንጋጌ ያቋቋመችው፣ እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሠራ፣ በምሕጻር «ስኒፒ» የሚባል የቅድመ ክትትል ሥርዓት አለ። በየአካባቢው ቡድን አለው፤ ወላጅም ሆነ መምህርት ልጁን ወደዚያ መጠቆም ትችላለች። የሚቀበለው ግን ዕድገቱ በጉልህ የዘገየውን ልጅ ነውና ለ«ረ» ብቻ ቢያመለክቱ በሩ ላይከፈት ይችላል። ነዛሪዎቹ በሁለቱም ቋንቋ ከጠፉና የማያውቁት ሰዎች ካልተረዱት ግን ጉዳዩ ሊመዘንለት ይገባል።

እቤት ውስጥ «በል፣ ፕራቱ በል፣ ር፣ ር» እያሉ አያስጨንቁት፤ ድምፁ ሳይሆን የሚማረው ዝምታ ነው። «ፓቱ ላይ ምግብ አድርጊልኝ» ሲል «እሺ፣ ፕራቱ ላይ፤ ትልቁ ፕራቱ ላይ ላድርግልህ?» ይበሉት፤ ትክክለኛውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማ፣ ስሕተቱን ማንም አልጠቆመበትም። ለላሟ ግን ጥንድ ሥዕል ይሥሩ፤ አንዱ ላይ ላም፣ አንዱ ላይ ቢላ። እርስዎ «ቫካ» ሲሉ ወደ ላሟ ካመለከተ ጆሮው ልዩነቱን ይዟል፣ የቀረው የጉሮሮው ሥራ ነው፤ በተደጋጋሚ ከተሳሳተ ደግሞ የጆሮ ምርመራው ይፋጠን። ከዚያ እጁን በእርስዎ ማንቁርት ላይ ያድርጉለትና «ቭቭቭ» ሲሉ በጉሮሮዎ ያለው «ንብ» ሲነዝር ያዳምጥ፣ «ፍፍፍ» ሲሉ ንቡ ሲተኛ ያዳምጥ። ፊኛ መንፋት፣ ምላስ ማወዛወዝ፣ በስትሮ መምጠጥ የሚሉ «የምላስ ስፖርት» ዓይነቶች ብዙ ይሸጣሉ፤ ድምፅ የሚሻሻለው ድምፅን በማውጣት ነውና ገንዘብዎን ይያዙ።

ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ልጁ ሲጫወት አሥር ደቂቃ ያህል በስልክዎ ይቅዱት፤ አምስቱን ከአባቱ ጋር በፖርቱጋልኛ፣ አምስቱን ከእርስዎ ጋር በአማርኛ። በአንድ ወረቀት ላይ ከእርስዎ ጋር ያወራቸውን የአማርኛ ቃላት በሁለት ረድፍ ይጻፉ፦ በአንዱ እሱ እንዴት እንዳለው፣ በሌላው አዋቂ እንዴት እንደሚለው፤ ከጎኑ ፍቺውን በፖርቱጋልኛ ያስቀምጡ። «ዶሮ»፣ «ጆሮ»፣ «ዝናብ»፣ «ጓደኛ»፣ «ዳቦ» የግድ ይኑሩበት። የጆሮው ምርመራ ውጤት ሲደርስዎ ከእነዚሁ ቃላት ጋር ቢጽፉልኝ ስለ ነዛሪዎቹ የቀረውን በዚያ ላይ ተመሥርቼ እመልስልዎታለሁ።